«ምጥ ማስቆሚያ» ወይስ «ምጥ ማዘግያ»?

ጥያቄ፦ ለነፍሰ ጡሮች የሚሆን የጤና መረጃ ወደ አማርኛ እየመለስኩ ነው። 37 ሳምንት ሳይሞላት ምጥ ለያዛት እናት የሚሰጠውን መድኃኒት «ምጥ ማስቆሚያ» ልበለው፣ «ማስታገሻ» ወይስ «ማዘግያ»? «መድኃኒቱ ምጡን በ48 ሰዓት ውስጥ ያዘገያል» ማለቴስ ልክ ነው?

መልስ፦ «ማዘግያ» ይበሉት። «ማስታገሻ» የሕመም ቃል ነው፤ እናቲቱ የምጡ ስቃይ የሚቀልላት ይመስላታል። «ማስቆሚያ» በሰዋስው አይነቀፍም፤ ነገር ግን መድኃኒቱ የማይፈጽመውን ተስፋ ይሰጣል።

የማህፀን ጡንቻ የሚኮማተረው ካልሲየም ወደ ሕዋሶቹ ሲገባ ነው። ከእነዚህ መድኃኒቶች አንዱ የሆነው ኒፌዲፒን ይህን መግቢያ ይዘጋል። አቶሲባን ኦክሲቶሲን የተባለው ሆርሞን ጡንቻውን እንዳያነሣሣ ያግዳል። ኢንዶሜታሲን ደግሞ ማህፀንን የሚያኮማትረው ፕሮስታግላንዲን የተባለ ንጥረ ነገር እንዳይመረት ያደርጋል፤ ከ32 ሳምንት በኋላ ግን ከፅንሱ ልብ አጠገብ ያለውን የደም ቧንቧ ያለጊዜው ሊያጠብ ስለሚችል ይተዋል። ሁሉም ጡንቻውን ያላላሉ እንጂ ምጡን የቀሰቀሰውን ነገር፣ ለምሳሌ ኢንፌክሽንን፣ አያስወግዱም። ጥናቶች ያሳዩትም ልደቱ ለ48 ሰዓት፣ አንዳንዴም እስከ 7 ቀን ሊዘገይ መቻሉን ነው። መዘግየቱ ብቻውን የጨቅላዎችን ሞት እንደሚቀንስ ግን በግልጽ አልተረጋገጠም።

ታዲያ ሁለት ቀን ምን ይጠቅማል? የፅንሱን ሳንባ የሚያጠነክረው ዴክሳሜታዞን 6 ሚሊ ግራም በየ12 ሰዓቱ 4 ጊዜ በጡንቻ ይወጋል። አራተኛው መርፌ የሚሰጠው የመጀመሪያውን በተወጋች በ36ኛው ሰዓት ነው። እናቲቱንም የጨቅላ ሕፃናት ጽኑ ሕክምና ወዳለበት ሆስፒታል ሪፈር ለማድረግ ፋታ ይገኛል። መረጃዎ ይህን ካልነገራት የመድኃኒቱ ዓላማ ተሰውሮባታል ማለት ነው።

ዓረፍተ ነገርዎ ግን መታረም አለበት። «በ48 ሰዓት ውስጥ» ሥራው የሚያልቅበትን የጊዜ ገደብ ያመለክታል፤ አንባቢ መድኃኒቱ እስኪሠራ ሁለት ቀን የሚፈጅ ይመስለዋል። የመዘግየቱን ርዝመት የሚናገረው «ለ» ነው። ደግሞም የሚዘገየው ልደቱ ነው። እንዲህ ቢጽፉት ይሻላል፦ «መድኃኒቱ የማህፀንን መኮማተር በማላላት ልደቱን ለ48 ሰዓት ያህል ሊያዘግይ ይችላል»። «ሊ… ይችላል» የምትለዋን አይጣሏት፤ በአንዳንዶች ላይ አይሠራምና።

መድኃኒቱ «ይሰጣል» ብቻ ከማለትም «ሐኪም ሲያዝ ይሰጣል» ይበሉ። ማህፀን ውስጥ ኢንፌክሽን ካለ፣ ብዙ ደም ከፈሰሰ ወይም ፅንሱ ከተጨነቀ ልደቱን ማዘግየት ራሱ አደጋ ነው።