ውሃ ከመሙላትህ በፊት ራዲያተሩን ቧጨር አድርገህ እይ

ሰላም ወንድሜ። ጥያቄህን ትናንት ማታ አየሁት። በስልክ ቶሎ የሚያልቅ ስላልሆነ ዛሬ ሥራ ቀለል ሲልልኝ ተቀምጬ ጻፍኩት።

ሌሎቻችሁም እንድትከተሉ ጥያቄውን ባጭሩ ልድገመው። ወንድማችን ያለው ኮምቦልቻ ነው። የዲዛይን ሥራ የሚሠራበት ኮምፒውተር በጣም እየጋለ ሲያስቸግረው ያገለገለ የውሃ ማቀዝቀዣ ገዛ። ሲፒዩው (የኮምፒውተሩ ዋና ማስሊያ) ላይ ተቀምጦ ሙቀቱን ለውሃው የሚያስተላልፈው ብሎክ መዳብ ነው። ውሃው እየዞረ የሚቀዘቅዝበት ራዲያተር ግን ቀለል ያለና ብርማ ነው። ውስጡ ነጭ ነገር ይታያል፤ የቱቦ መጋጠሚያዎቹ ላይ ደግሞ አረንጓዴ ነገር አለ። «የቧንቧ ውሃ ብሞላው ይዝጋል? የመኪና ኩላንት (የሞተር ማቀዝቀዣ ፈሳሽ) ብጨምርበትስ ይድናል?» ነው ያለው።

ቀለል ያለና ብርማ ስትል ደነገጥኩ። አሉሚኒየም ሳይሆን አይቀርም። እንዲያ ከሆነ የውሃው ነገር ሁለተኛ ጥያቄ ነው። መጀመሪያ መዳቡንና አሉሚኒየሙን ማለያየት አለብህ። ይህን የተማርኩት ከኪሴ ከፍዬ ነው።

እኔ ደሴ ፒያሳ አካባቢ የሠርግ ቪዲዮ ኤዲት አደርጋለሁ። የመጀመሪያው የውሃ ማቀዝቀዣዬ ልክ እንዳንተው ነበር፤ የመዳብ ብሎክ፣ የአሉሚኒየም ራዲያተር። ሻጩ ምንም አላለኝም፣ እኔም አልጠየቅኩም። ንጹሕ ነው ብዬ የሃይላንድ ውሃ ሞላሁበት። የመጀመሪያዎቹን ወራት እንዴት ደስ እንዳለኝ! ሌሊቱን ሙሉ ሬንደር ሲያደርግ አድሮ ሙቀቱ ከ60 ዲግሪ አያልፍም ነበር። ከዚያ 2014 ዓ.ም. መጣ። በጥቅምት ከተማውን ለቀን ስንወጣ ኮምፒውተሩን ጓዳ ውስጥ ከእህል ጆንያ ጀርባ ደብቀነው ሄድን። ውሃውን አላፈሰስኩትም። በዚያ ሰዓት ማን ያስታውሳል። ጥር ላይ ስንመለስ ከቤቱ ብዙ ነገር ሄዷል፤ እሱ ግን እዚያው ቁጭ ብሎ አገኘሁት። አለቀስኩ። ገና ያላስረከብኳቸው የአራት ቤተሰብ ሠርግ ውስጡ ነበር።

ሳበራው በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ሲፒዩው 95 ዲግሪ ደረሰና ጠፋ። ብሎኩን ፈታሁት። እነዚያ እንደ ማበጠሪያ የተደረደሩት ቀጫጭን የመዳብ ክንፎች መሃል ነጭ ግራጫ ጭቃ ተጠቅጥቆበታል። ክፍተታቸው ከአንድ ሚሊሜትር በታች ስለሆነ ትንሽ ቆሻሻ ይበቃቸዋል። ጠርጌ መልሼ ስገጥመው ደግሞ ራዲያተሩ የመርፌ ቀዳዳ ከምታክል ቦታ ጠብ ጠብ ማለት ጀመረ። ጠብታው ያረፈው ቪዲዮ ካርዱ ላይ ነው። ካርዱ ሞተ። ሃርድ ዲስኩ ግን ተረፈ፤ ሠርጎቹንም ለባለቤቶቻቸው አስረከብኩ።

ለምን እንዲህ ሆነ? ትምህርት ቤት ሎሚ ላይ የመዳብ ሽቦና ሚስማር ሰክተን ኤሌክትሪክ ያወጣነውን አስታውስ። ሁለት የተለያዩ ብረቶች፣ መሃላቸው ጨው ወይም አሲድ ያለበት ፈሳሽ፤ ባትሪ ማለት ይኸው ነው። ባትሪ ውስጥ ደግሞ አንደኛው ብረት እየተበላ ነው ኤሌክትሪክ የሚወጣው። በኬሚስትሪው ሠንጠረዥ መዳብ +0.34 ቮልት፣ አሉሚኒየም −1.66 ቮልት ላይ ተቀምጠዋል። አሉሚኒየም ላዩን የሚሸፍንለት ስስ የኦክሳይድ ልባስ ስላለው በተግባር ልዩነቱ ይህን ያህል አይሰፋም። የሚበላው ግን እሱ ነው። ውሃው ውስጥ ያለው ክሎራይድ (ከጨው የሚገኝ ነገር) ያንን ልባስ ይበሳዋል። ከተበሳ በኋላ ጉድጓዱ ወደ ውስጥ እየጠለቀ ይሄዳል። ራዲያተር ሙሉ ለሙሉ ደህና መስሎ በአንዲት ነጥብ የሚያፈሰው ለዚህ ነው።

«የተያያዙት በጎማ ቱቦ ነው፣ ብረቶቹ አይነካኩም» የሚል ሰው አለ። እኔም እንዲህ ብዬ ነበር። ግን መዳብ በጥቂት በጥቂቱ ውሃው ውስጥ ይሟሟል። የሟሟው መዳብ ከውሃው ጋር ዞሮ አሉሚኒየሙ ላይ ያርፋል። ያረፈባት እያንዳንዷ ነጥብ የራሷ ትንሽ ባትሪ ትሆናለች። ቱቦው ጎማ መሆኑ ከዚህ አያድንህም። መብራት ሲጠፋም ፓምፑ ይቆማል እንጂ ይህ መበላላት አይቆምም። የቆመ ውሃ እንዲያውም ይብሳል። ዝቃጩ ጥግ ጥግ ላይ ይረጋል፤ ከሥሩ ያለው ብረትም ተሸፍኖ ይበላል።

የኒው ዮርኩ የነጻነት ሐውልት ሳይቀር በዚህ ተጎድቷል። ቆዳው መዳብ፣ ውስጡ ያለው አጥንት ብረት ነበር። እ.ኤ.አ. በ1886 ሲቆም መሃላቸው ማገጃ ተደርጎላቸው ነበር። ማገጃው በዕድሜ ሲያልቅ ብረቱ ተበላ። በ1980ዎቹ ያንን ብረት እያወጡ በማይዝግ ብረት ተኩት።

ስለዚህ ዛሬውኑ ይህን አድርግ። ራዲያተሩን በእጅህ መዝነው። መዳብ ከአሉሚኒየም ከሦስት እጥፍ በላይ ይከብዳል፤ ያስታውቃል። ከዚያ ቱቦው በሚገባበት አፍ፣ ከውስጥ በኩል፣ በቢላ ጫፍ ቧጨር አድርገው። ቢጫ ወይም ቀላ ያለ ከወጣ ናስ ወይም መዳብ ነው። ኒኬል የተለበጠ ከሆነም ከሥሩ ቢጫው ይመጣል። እስከ ጥልቁ ድረስ ነጭ ሆኖ ከቀጠለ አሉሚኒየም ነው። ማግኔት እዚህ ላይ አይረዳህም፤ ሁለቱንም አይስብም። ፊቲንጎቹንም (የቱቦ መጋጠሚያዎቹን) አንድ በአንድ እይ። ቀይና ሰማያዊ ቀለም ያላቸው የሚያማምሩት ርካሽ ፊቲንጎች ብዙ ጊዜ አሉሚኒየም ናቸው። የውሃ ማጠራቀሚያውን ክዳን አትርሳ። ሁሉም ነገር መዳብ ሆኖ አንዲት ትንሽ አሉሚኒየም መሃሉ ከገባች የባሰ ነው፤ የመብላቱ ጫና በሙሉ እሷ ላይ ያርፋልና ቶሎ ታልቃለች።

መዳብ፣ ናስና ኒኬል አብረው ይኖራሉ፤ ቅርብ ለቅርብ ናቸው። ሁሉም ዕቃ አሉሚኒየም ከሆነም፣ መከላከያ ካለው ፈሳሽ ጋር ይሠራል። መቀላቀሉ ነው ችግሩ። ስለዚህ ራዲያተሩን ቀይረው። ከውጭ ማስመጣት ከከበደህ የድሮ መኪኖች የሂተር ራዲያተር ብዙ ጊዜ መዳብና ናስ ነው፤ የአዳዲሶቹ ግን አሉሚኒየም ነው። እኔ አሁን የምጠቀመው አንዱ ከአሮጌ መኪና የወጣ ነው። አንድ ነገር ተጠንቀቅ፦ ጋራዥ ውስጥ የተበየደ ከሆነ ለብየዳው የሚቀቡት አሲድ ውስጡ ይቀራል። እሱ ራሱ ክሎራይድ ነው። መጀመሪያ ትንሽ ቤኪንግ ሶዳ በሟሟበት ሞቅ ያለ ውሃ እጠበው። ከዚያ በተጣራ ውሃ እየሞላህ፣ እያንቀጠቀጥክ፣ እየደፋህ ደጋግመህ አጥራ። እኔ ስምንት ጊዜ አጥቤያለሁ፤ በስድስተኛውም ገና ቅንጣት ይወጣ ነበር። አዲስ የተገዛ ራዲያተርም ቢሆን የብየዳ ቅሪት አያጣም፤ ይታጠብ።

ተዘግቶ የሚመጣውን፣ ኦል ኢን ዋን የሚባለውን ማቀዝቀዣ የምትጠቀሙ «የኛስ?» እንደምትሉ አውቃለሁ። ብዙዎቹ መዳብና አሉሚኒየም ያላቸው ናቸው። የሚኖሩት ፋብሪካው በሞላው መከላከያ ያለው ፈሳሽ ነው። ውሃው ጎደለ ብላችሁ ከፍታችሁ የቧንቧ ውሃ ጨመራችሁበት ማለት ያ መከላከያ ቀጥኗል ማለት ነው። እባካችሁ አትክፈቱት።

አሁን ወደ ውሃው። የቧንቧ ውሃ አይሆንም። ከጉድጓድም ከምንጭም የሚመጣ ውሃ ማዕድን ይዟል፤ ማንቆርቆሪያ ውስጥ የሚጋገረውን ነጭ ነገር ታውቀዋለህ። ላዩ ላይ ክሎሪን ይጨመርበታል። የሃይላንድ ውሃም ለመጠጥ እንጂ ለዚህ አይሆንም፤ ማዕድኑ አለበት። አፍልቼ ልጠቀም የሚል አለ። ደሴ ላይ ውሃ በ92 ዲግሪ ገደማ ይፈላል። በ100 ቢፈላም ግን ጨው በእንፋሎት አይሄድም፤ ድስቱ ውስጥ ይቀራል። የሚያስፈልግህ እንፋሎቱ ራሱ ተሰብስቦ የቀዘቀዘው ውሃ ነው፣ አረቄ በሚወጣበት መንገድ የወጣ። ይኸው የባትሪ ውሃ የሚባለው ነው፤ የመኪና ዕቃ መሸጫ ታገኘዋለህ።

እዚህ ላይ በጣም ተጠንቀቅ። እዚያው መደርደሪያ ላይ የባትሪ አሲድ አለ። ጠርሙሱ ሊመሳሰል ይችላል። አንድ የማውቀው ልጅ ተሳስቶ ሊሞላው ሲል ነው የደረስኩበት። ከገዛህ በኋላ ትንሽ አፍስስና ቤኪንግ ሶዳ ጣል አድርግበት። አረፋ ከደፈቀ አሲድ ነው። ቤኪንግ ፓውደር እንዳትጠቀም፤ እሱ በንጹሕ ውሃም አረፋ ያወጣል። መቅመስ ብሎ ነገር የለም። የውሃ ጨው መለኪያ ካለህ ደግሞ የተጣራ ውሃ ወደ ዜሮ የተጠጋ ነው የሚያሳይህ።

የተጣራ ውሃ ብቻውን በቂ ነው ወይ? መጀመሪያ ላይ በጣም ጥሩ ነው። ግን ከብረቱ እየወሰደ፣ ከአየሩም ካርቦን ዳይኦክሳይድ እየሳበ ሲሰነብት ለስለስ ያለ አሲድ ይሆናል። ስለዚህ ዝገት መከላከያ ያስፈልገዋል። ለኮምፒውተር ተብሎ የሚሠራው ፈሳሽ ከተገኘ እሱን ምረጥ። ብዙ ጊዜ ቤንዞትሪያዞል የሚባል ነገር አለበት፤ መዳቡ ላይ ስስ ልባስ ሠርቶ ይከላከልለታል።

ካጣህ የመኪና ኩላንት ይሠራል። በጥንቃቄ ነው እንጂ ይሠራል። የመኪና ሞተርም አሉሚኒየም፣ ብረትና መዳብ አንድ ላይ ያለበት ነው፤ የሚኖረው በኩላንቱ መከላከያ ነው። ደሴም ኮምቦልቻም ቤት ውስጥ ውሃ በረዶ አይሆንም፤ ስለዚህ እኛ የምንፈልገው ፀረ በረዶውን ሳይሆን መከላከያውን ነው። ኮንሰንትሬት (ገና በውሃ ያልተበጠበጠ) ከሆነ በተጣራ ውሃ ብቻ በጥብጠው፣ ከሲሶ በታችም አታቅጥነው። ሰው ትንሽ ጠብ አድርጎ «ጨምሬበታለሁ» ይላል። ያ መከላከያው እንዳይበቃ ያደርገዋል፤ ከዚያም አልፎ የቀጠነ ግላይኮል (የኩላንቱ ፀረ በረዶ) ለባክቴሪያ ምግብ ነው። አረንጓዴና ቀይ አትቀላቅል፤ አንዳንዶቹ ሲደባለቁ ይረጋሉ። ኤቲሊን ግላይኮል መርዝ ነው፣ ጣዕሙም ጣፋጭ ነው። ሕፃናትና እንስሳት ከሚደርሱበት አርቀው። የአሉሚኒየም ራዲያተርህን እስክትቀይር የግድ መጠቀም ካለብህም በዚህ ኩላንት ይሁን፣ በውሃ አይሁን፤ ለወራት እንጂ ለዓመታት አታስበው።

አንድ ነገር ብቻ እባክህ፣ በረኪና አትጨምርበት። «አልጌ ይገድላል» ተብሎ ሲመከር አይቻለሁ። መዳቡንም፣ ኒኬሉንም፣ አሉሚኒየሙንም ይበላል።

ስላየኸው ነጭ ነገር። ትንሽ አውጥተህ ኮምጣጤ ጠብ አድርግበት። ቶሎ አረፋ ካወጣ የውሃ ማዕድን ነው። አረፋ ከሌለውና እንደ ጄል ወይም እንደ ዱቄት ከሆነ ከአሉሚኒየሙ የመጣ መሆኑን ጠርጥር። ቅባትነት ካለውና በጣት ከተጣበቀ ደግሞ ከፕላስቲክ ቱቦው የሚወጣ ነገር ነው፤ ቱቦውን ቀይር። አረንጓዴው ደረቅና ቅርፊት መሳይ ከሆነ የመዳብ ወይም የናስ ዝገት ነው። መጋጠሚያው ላይ መውጣቱ እዚያ ቦታ ቀስ እያለ እንደሚያፈስ ያሳያል፤ የላስቲክ ቀለበቱን ለውጥ። ብሎኩን ለማጽዳት በውሃ የቀጠነ የሎሚ ጭማቂ ወይም ኮምጣጤ ይበቃል። ጨው አትጨምርበት። ኒኬል ከተለበጠ ግን ኮምጣጤም ሎሚም አታስነካው። መዳቡ ጠቆር ብሎ ብቻ ከሆነ አትጨነቅ፤ ማቀዝቀዙን አይጎዳውም።

እኔ አሁን ሲሞላ ትንሽ በብልቃጥ አስቀርና ቀኑን እጽፍበታለሁ። በየወሩ ከማሽኑ ውስጥ ካለው ጋር ጎን ለጎን አያለሁ። ቀለሙ ከተለየ ወይም ከደፈረሰ እከፍተዋለሁ። ካልተለየም በዓመት አንዴ እቀይራለሁ። ለረጅም ጊዜ ከቤት ስወጣ ደግሞ ውሃውን አፍስሼ፣ አድርቄ ነው የምሄደው።

ራዲያተሩን ከቧጨርክ በኋላ ፎቶውን እዚህ ለጥፈው፤ በደንብ ብርሃን ባለበት አንሣው። ቅዳሜ ለሥራ ወደ ኮምቦልቻ እወርዳለሁ። የጨው መለኪያዬንና ሁለት ሊትር የባትሪ ውሃ ይዤልህ እመጣለሁ። እስከዚያ ምንም አትሙላበት።