ኬሞ ከመጀመሬ በፊት እንቁላሌን ባስቀምጥ አለማመን ይሆንብኛል?

ጥያቄ፦ ዕድሜዬ 28 ነው፤ አላገባሁም፤ የምኖረው ፒያሳ ነው። ለጡት ካንሰር ቀዶ ሕክምና ተደርጎልኝ ከሦስት ሳምንት በኋላ ኬሞ እጀምራለሁ። መድኃኒቱ መካን ሊያደርገኝ ስለሚችል እንቁላል አስወጥቶ ማስቀመጥ እንደሚቻል ሰማሁ። ቤተሰቦቼ ግን «ጸበልሽን ተጠመቂ፣ እሱ ካለ ትወልጃለሽ» ይሉኛል። ኃጢአት ነው?

መልስ፦ እኅቴ፣ እግዚአብሔር ይማርሽ። ሲራክ በምዕራፍ 38 እግዚአብሔር መድኃኒትን ከምድር እንደ ፈጠረ፣ ብልህም እንደማይንቀው ይነግረናል። ጸበሉን ተጠመቂ፤ ሱባኤ ልያዝ ብለሽ ግን ሦስቱን ሳምንት እንዳትጨርሻቸው። ሴት እንቁላሏን ይዛ ነው የምትወለደው፤ እንደ ሳይክሎፎስፋማይድ ያለው ኬሞ የገደለው አይተካም።

ዛሬውኑ ለካንሰር ሐኪምሽ ንገሪ። ጳውሎስ ሆስፒታል የመካንነት ሕክምና ማዕከል አለው፤ ላንቺ ዓይነቷ ያስቀምጡ እንደሆነ፣ የዓመት ማቆያ ክፍያም ካለ ጠይቂ። እንቁላሉን የሚያሳድገው መርፌ ከ10 እስከ 14 ቀን ይወስዳል፤ የወር አበባ መጠበቅ ግድ አይደለም። ካንሰርሽ በሆርሞን የሚያድግ ከሆነ ኤስትሮጅን የሚባለው የሴት ሆርሞን እንዳይንር ሌትሮዞል የሚባል ኪኒን አብሮ ይሰጣል።

ብዙ ጥንቃቄ የሚፈልገው የመጨረሻው መርፌ ነው፤ እንቁላሉ ከመወሰዱ 36 ሰዓት ገደማ አስቀድሞ ይወጋል። ሐሙስ ጠዋት 4 ሰዓት ከተቀጠርሽ መርፌው ማክሰኞ ከምሽቱ 4 ሰዓት ነው። ሐኪሙ በፈረንጅ አቆጣጠር «10» ብሎ ጽፎልሽ አንቺ በእኛ ካነበብሽው ስድስት ሰዓት ይዛነፋል፤ የሁለት ሳምንት ድካም ባዶ ሊቀር ይችላል። በሁለቱም አቆጣጠር አስጽፊው።

ወደ ሕሊናው ጥያቄ ስመጣ፣ የሚቀመጠው ያልተፀነሰ እንቁላል ነው፤ በፈሳሽ ናይትሮጅን፣ ከዜሮ በታች በ196 ዲግሪ። ገና ያልተፀነሰ ስለሆነ፣ በእኔ አስተያየት ለነገ ትዳርሽ ብታስቀምጪው ነውር የለበትም። ባለትዳሮች ፅንስ ሲያስቀምጡ ግን የተረፈው ምን ይሁን የሚል ከባድ ጥያቄ ይነሣል፤ እነሱ አስቀድመው ከንስሐ አባታቸው ይምከሩ። ማስቀመጥ ልጅ እንደሚወለድ ዋስትና አይሆንም፤ ይህንንም እወቂ። ጎሰረሊን የሚባለው፣ ኬሞው ከመጀመሩ ቢያንስ ሳምንት ቀድሞ ተጀምሮ በየ28 ቀኑ የሚወጋው መርፌም የእንቁላል ማምረቻሽን ከኬሞው ለመጠበቅ ያግዛል እንጂ የማስቀመጥን ቦታ አይተካም።

እንቁላሉ የሚወሰደው በመርፌ በብልት በኩል ስለሆነ አንድ ሁለት ቀን ጥቂት ደም ሊታይ ይችላል። የወር አበባ አይደለም፤ ቢሆንም ደሙ እስኪቆም ከቤተ ክርስቲያኑ ውጭ ቆመሽ አስቀድሺ፤ ስለ ቁርባን ንስሐ አባትሽን ጠይቂ። ሆድሽ በጣም ከተነፋ፣ ትንፋሽ ካጠረሽ ወይም ደሙ ከበዛ ግን ቀጥታ ወደ ሐኪም ሂጂ።