ስቴቪያ፦ ከማሸጊያው ፊት ይልቅ ጀርባውን ያንብቡ

የዚህ እትም የጥያቄና መልስ ዓምድ ለአንድ ማጣፈጫ ብቻ ተሰጥቷል። ስለ ስቴቪያ ከደረሱን ጥያቄዎች ተመሳሳይ የሆኑትን አጣምረን ቀጥሎ ያሉትን መርጠናል።

ጥያቄ፦ ስቴቪያ ከቅጠል ስለሚገኝ ከሌሎቹ የስኳር ምትኮች ሁሉ ለጤና ይሻላል ይሉኛል። እኔ የገዛሁት ግን ነጭ ዱቄት ነው። ቅጠሉ የት ሄደ?

መልስ፦ ቅጠሉማ ነበረ። ስቴቪያ በፓራጓይና በብራዚል አዋሳኝ አካባቢ በቅሎ የሚገኝ ትንሽ ቁጥቋጦ ሲሆን፣ የጓራኒ ሕዝብ መራራ መጠጡን ሲያጣፍጥበት ኖሯል። እ.ኤ.አ. በ1899 ፓራጓይ ይኖር የነበረው ስዊዘርላንዳዊ የዕፅዋት ተመራማሪ ሞይሴስ ቤርቶኒ ለሳይንሱ ዓለም አስተዋወቀው። ጣፋጭነቱን የሚሰጠውን ንጥረ ነገር ለይተው ያወጡት ደግሞ ሁለት ፈረንሳውያን ኬሚስቶች ናቸው፤ ዘመኑም እ.ኤ.አ. 1931 ነበር።

ዛሬ ፋብሪካ የሚሠራውም በመሠረቱ ያንኑ ነው። የደረቀው ቅጠል በሙቅ ውኃ ይዘፈዘፋል፣ ይጣራል፣ ጣፋጩን ክፍል ይዞ በሚያስቀር ሙጫ መሰል ነገር ላይ ያልፋል፣ በአልኮል ታጥቦ ይወጣል፣ በመጨረሻም ደርቆ ነጭ ዱቄት ይሆናል። ይህ ዱቄት ስቴቪዮል ግላይኮሳይድ የሚባሉ ንጥረ ነገሮች ስብስብ ነው። በብዛት የሚሸጠው ሬባውዲዮሳይድ ኤ የተባለው ሲሆን ጣፋጭነቱ ከስኳር ከ200 እስከ 300 እጥፍ ይደርሳል። ምሬቱ አነስ ያለው ሬባውዲዮሳይድ ኤም በቅጠሉ ውስጥ ያለው እጅግ ጥቂት ስለሆነ፣ አሁን አሁን በእርሾ ወይም በኢንዛይም አማካይነት ይመረታል።

ስለዚህ «ተፈጥሯዊ» የሚለው ቃል ከየት እንደመጣ እንጂ ጉዳት እንደሌለው አይነግርዎትም። እንዲያውም ነገሩ ብዙዎች ከሚያስቡት የተገላቢጦሽ ነው፤ በጥልቀት የተመረመረውና የተፈቀደው ነጩ ዱቄት ነው። ወደ አረንጓዴው ቅጠል ኋላ እንመለሳለን።

ጥያቄ፦ የሁለተኛው ዓይነት ስኳር በሽታ አለብኝ። «ስቴቪያ» የሚል ከረጢት ገዝቼ ሻይ ላይ መጠቀም ከጀመርኩ ወዲህ በደሜ ውስጥ ያለው ስኳር አልቀነሰም፤ አንዳንዴም ይጨምራል። ስቴቪያ ስኳር አይጨምርም አልተባለም እንዴ?

መልስ፦ ስቴቪያው አይጨምርም፤ አብሮት የመጣው ግን ሊጨምር ይችላል። ከዚህ ዓምድ አንድ ነገር ብቻ የሚይዙ ከሆነ ይህንን ይያዙ።

መጀመሪያ ስቴቪያው ለምን እንደማይጨምር። ስቴቪዮል ግላይኮሳይድ በጨጓራና በትንሹ አንጀት ሳይፈጭ ያልፋል። ትልቁ አንጀት ሲደርስ ባክቴሪያዎች ከላዩ የተጣበቀውን ግሉኮስ ገፍፈው ለራሳቸው ይጠቀሙበታል። የሚቀረው ስቴቪዮል ወደ ደም ይገባል፤ ጉበትም ከሌላ ንጥረ ነገር ጋር አጣምሮ በሽንት እንዲወጣ ያደርገዋል። በዚህ ሁሉ መንገድ የደም ስኳር የሚጨምርበት ቦታ የለም።

አሁን ስሌቱን እንይ። አንድ የሻይ ማንኪያ ስኳር 4 ግራም ነው። ይህን ለመተካት የሚያስፈልገው ንጹሕ የስቴቪያ ዱቄት 16 ሚሊ ግራም ያህል ብቻ ነው፤ በጥፍር ጫፍ የሚነሳ። ከረጢቱ ግን 1 ግራም ወይም 2 ግራም ይመዝናል። የቀረው ሁሉ መሙያ ነው። የመሙያዎቹ ዓይነት ደግሞ እጅግ ይለያያል። ዴክስትሮስ ራሱ ግሉኮስ ነው። ማልቶዴክስትሪን ከስታርች የሚሠራ ሲሆን በአንድ ግራም 4 ኪሎ ካሎሪ ይሰጣል፣ የደም ስኳርንም በፍጥነት ከፍ ያደርጋል። ኤሪትሪቶል የደም ስኳርን አይነካም ማለት ይቻላል። ኢኑሊን የቃጫ ዓይነት ነው፤ ሆድ ሊነፋ ይችላል።

«ዜሮ ካሎሪ» የሚለው ጽሑፍም አያሳምንዎ። በአንዳንድ አገሮች ሕግ በአንድ ጊዜ መጠን ከ5 ኪሎ ካሎሪ በታች ያለው ምርት እንዲህ ተብሎ ሊጻፍበት ይችላል። አንድ ከረጢት ብዙም አይጎዳም። በቀን አሥርና አሥራ ሁለት ከረጢት የሚጠቀም ሰው ግን ብዙ ግራም ፈጣን ካርቦሃይድሬት ሳያውቀው ይወስዳል። ከሁሉም ይበልጥ ጥንቃቄ የሚያስፈልገው «በስኳር ልክ ይተኩ» የሚለው ምርት ነው፤ የስኳርን ያህል እንዲሰፈር ሲባል አብዛኛው ክብደቱ መሙያ ነው።

ማሸጊያውን ገልብጠው የይዘት ዝርዝሩን ያንብቡ። ቀድሞ የተጻፈው በክብደት የሚበልጠው ነው። ዴክስትሮስ ወይም ማልቶዴክስትሪን ቀድሞ ከተጻፈ ሌላ ምርት ይፈልጉ። በመለኪያ ለማረጋገጥ ከፈለጉ ጠዋት ምንም ሳይቀምሱ ይለኩ፤ ወተትም ምግብም ሳይጨምሩ በዚሁ ማጣፈጫ የጣፈጠ ሻይ ብቻ ይጠጡ፤ ከ1 ሰዓትና ከ2 ሰዓት በኋላ እንደገና ይለኩ። በሌላ ቀን ያለ ማጣፈጫ ይድገሙት። የጠዋት ስኳር በራሱ ሊወጣ ስለሚችል ማወዳደሪያው ያስፈልጋል። የሁለቱ ቀናት ውጤት ከተቀራረበ ጥፋቱን ከከረጢቱ ሳይሆን ከምግብዎ ይፈልጉ። ኢንሱሊን ወይም ስኳር በጣም ሊያወርድ የሚችል ክኒን የሚወስዱ ከሆነ ግን ይህን ሙከራ ሐኪምዎን ሳያማክሩ አያድርጉ።

እነዚህን መድኃኒቶች የሚወስዱ ሰዎች ሌላም ሊያውቁት የሚገባ ነገር አለ። ብዙ ስኳር ይጠቀሙ የነበሩ ሰዎች በአንድ ጊዜ ወደ ስቴቪያ ሲዞሩ የመድኃኒታቸው መጠን ሊበዛባቸው ይችላል፤ ለሐኪም ይንገሩ። የደም ስኳር ከ70 ሚሊ ግራም በዴሲ ሊትር በታች ወርዶ ላብና መንቀጥቀጥ ሲመጣ ደግሞ በስቴቪያ የጣፈጠ መጠጥ ምንም አይረዳም። በዚያን ጊዜ የሚያስፈልገው 15 ግራም እውነተኛ ስኳር ነው፤ 4 የሻይ ማንኪያ ያህል በውኃ በጥብጦ ጠጥቶ ከ15 ደቂቃ በኋላ እንደገና መለካት። ቤት ውስጥ ያለውን ስኳር በሙሉ በስቴቪያ የተካ ቤተሰብ ይህን መዘንጋት የለበትም።

ጥያቄ፦ በቀን ስንት መውሰድ ይቻላል? የአራት ዓመት ልጄስ?

መልስ፦ የዓለም ጤና ድርጅትና የዓለም የምግብና እርሻ ድርጅት የጋራ የባለሙያዎች ኮሚቴ እ.ኤ.አ. በ2008 ያስቀመጠው ወሰን በቀን በኪሎ ግራም የሰውነት ክብደት 4 ሚሊ ግራም ስቴቪዮል ነው። ቁጥሩ በእንስሳት ጥናት ጉዳት ያላሳየው መጠን ለ100 ተካፍሎ የተገኘ ስለሆነ ሰፊ የጥንቃቄ ርቀት አለው። ግን «ስቴቪዮል» የሚለውን ልብ ይበሉ፤ የሚለካው ዱቄቱ ሳይሆን ከዱቄቱ የሚገኘው ስቴቪዮል ነው። ከሬባውዲዮሳይድ ኤ ክብደት ስቴቪዮል የሚሆነው አንድ ሦስተኛው ገደማ ነው።

60 ኪሎ ለሚመዝን ሰው ይህ 240 ሚሊ ግራም ስቴቪዮል፣ በዱቄት ሲሰላ 720 ሚሊ ግራም ያህል ይሆናል። ከ40 የሻይ ማንኪያ ስኳር በላይ ጣፋጭነት ማለት ስለሆነ አዋቂ ሰው በሻይ ብቻ እዚያ አይደርስም። 15 ኪሎ ለሚመዝን ልጅ ግን ወሰኑ ወደ 180 ሚሊ ግራም፣ ማለትም እንደ 11 የሻይ ማንኪያ ስኳር ይወርዳል። ጣፋጭ መጠጥ፣ እርጎና ከረሜላ ሁሉም በስቴቪያ ከተሠሩ መጠጋት ከባድ አይደለም። ከ2 ዓመት በታች ላለ ሕፃን ስኳርም ምትኩም ባይሰጥ ይመረጣል። ለአራት ዓመት ልጅዎ አልፎ አልፎ ቢቀምስ ችግር የለውም፤ የዘወትር መጠጡ ግን ውኃና ወተት ይሁን። በየዕለቱ የሚጣፍጥለት ልጅ፣ ማጣፈጫው ምንም ይሁን ምን፣ ያልጣፈጠ ነገር እየጠላ ይሄዳል።

ለነፍሰ ጡርም የተጣራው ዱቄት በዚሁ ወሰን ውስጥ የተፈቀደ ነው።

ጥያቄ፦ ክብደት ለመቀነስ ይረዳል?

መልስ፦ በራሱ አይረዳም። የሚረዳው የተካው ስኳር ነው። በቀን 6 የሻይ ማንኪያ ስኳር የሚጨምር ሰው ቢተካው 96 ኪሎ ካሎሪ ይቀንሳል፤ ያንኑ በአንድ ቁራሽ ኬክ ከመለሰው ትርፍ የለም። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2023 ባወጣው መመሪያ፣ ስቴቪያን ጨምሮ ስኳር ያልሆኑ ማጣፈጫዎችን ለክብደት መቆጣጠሪያ ብሎ መጠቀምን አልመከረም። ምክንያቱ ለረጅም ጊዜ በተደረጉ ክትትሎች ጥቅሙ አለመታየቱና የሚጠቀሙ ሰዎች ላይ የስኳርና የልብ በሽታ በዝቶ መገኘቱ ነው። ሆኖም ውፍረት ያለበት ሰው ቀድሞውንም ወደ እነዚህ ማጣፈጫዎች ስለሚሄድ፣ የትኛው የትኛውን እንዳመጣ ከክትትሉ ብቻ አይለይም። ምክሩ ራሱ «በሁኔታ የተገደበ» የሚባለው፣ ማለትም ማስረጃው የማያጠራጥር ሳይሆን ሲቀር የሚሰጠው ዓይነት ሲሆን፣ ቀድሞ ስኳር በሽታ ያለባቸውን ሰዎች አይመለከትም።

ጥያቄ፦ በኬክ ውስጥ ስኳሩን ሁሉ በስቴቪያ ተክቼ ጋገርኩ። ጠፍጣፋ፣ ነጣ ያለ፣ ደረቅና መራራ ሆነ። ምኑን አበላሸሁ?

መልስ፦ አራቱም ጥፋቶች የየራሳቸው ምክንያት አላቸው። ስኳር ኬክ ውስጥ የሚያጣፍጥ ብቻ አይደለም። ከቅቤ ጋር ሲመታ አየር ይይዛል፤ እሱ ሲጠፋ ኬኩ ጠፍጣፋ ይሆናል። ውኃ ይይዛል፣ ስታርቹም ቶሎ እንዳይረጋ ያዘገያል፤ እሱ ሲጠፋ ኬኩ ሳይነፋ ይረጋል፣ ይደርቃልም። መልኩን የሚያቀላውም እሱ ነው። ጋጋሪው «ገና አልቀላም» እያለ ምድጃ ውስጥ ሲያቆየው ደግሞ ይብስ ይደርቃል።

ምሬቱ የመጠን ስህተት ነው። የስቴቪያ ንጥረ ነገሮች የጣፋጭ ብቻ ሳይሆን የመራራ ጣዕም ተቀባዮችንም ይነካሉ። ከተወሰነ መጠን በላይ ጣፋጭነቱ አይጨምርም፤ ምሬቱ ብቻ ይጨምራል። ስለዚህ «አልጣፈጠም» ብሎ መድገም ነገሩን ያባብሳል። በዚያ ላይ ጣፋጭነቱ ዘግይቶ መጥቶ ምላስ ላይ ስለሚቆይ ለመቅመስ ጥቂት ሰከንድ መታገስ ያስፈልጋል።

ግማሹን ብቻ ይተኩ። 200 ግራም ስኳር ከሚል አሠራር 100 ግራሙን ይተዉት፤ የቀረውን 100 ግራም 0.4 ግራም ንጹሕ ዱቄት ይተካዋል። ይህን በማንኪያ መስፈር ስለማይቻል 1 ግራሙን ዱቄት አፍልተው ባቀዘቀዙት 100 ሚሊ ሊትር ውኃ ውስጥ ያሟሙት። ከዚያ እያንዳንዱ ሚሊ ሊትር 10 ሚሊ ግራም ይይዛል። ለኬኩ 40 ሚሊ ሊትር ይወስዳሉ፣ ከአሠራሩ ፈሳሽም 40 ሚሊ ሊትር ይቀንሳሉ። ለአንድ ሲኒ ሻይ መርፌ በሌለው ስሪንጅ 1.5 ሚሊ ሊትር ከአንድ የሻይ ማንኪያ ስኳር ጋር ይስተካከላል። በማቀዝቀዣ አስቀምጠው በሳምንት ውስጥ ይጨርሱት፤ ስኳር የለበትምና እንደ ሽሮፕ ራሱን አይጠብቅም። ቁንጥር ጨው ወይም ጥቂት የሎሚ ጭማቂ ምሬቱን ያለዝባል። ኬኩ መብሰሉን በቀለሙ ሳይሆን ቀጭን እንጨት ወግተው ይወቁ፣ ከተለመደው ሰዓት 5 ደቂቃ ቀድመውም ማየት ይጀምሩ።

ካራሜልና በስኳር የሚመታ የእንቁላል ነጭ አረፋ በስቴቪያ አይሠሩም። ማርማላታም ቢሆን የሚረጋውም የሚቆየውም በስኳሩ ነው፤ በስቴቪያ ብቻ ከተሠራ በቀናት ውስጥ ይሻግታል።

ጥያቄ፦ ተክሉን በማሰሮ አብቅያለሁ። ቅጠሉን አፍልቶ መጠጣት ደም ግፊትን ያወርዳል፣ መካንነት ያመጣል የሚሉም አሉ። የቱን ልመን?

መልስ፦ ሁለቱም ወሬ መነሻ አለው። ደም ግፊት ባለባቸው ሰዎች ላይ 250 ሚሊ ግራም ስቴቪዮሳይድ (ሌላው የቅጠሉ ጣፋጭ ንጥረ ነገር) በቀን 3 ጊዜ ተሰጥቶ ግፊት የቀነሰበት ሙከራ አለ። ኋላ ግን ስኳር በሽታ ላለባቸው ሰዎች በቀን 1000 ሚሊ ግራም ሬባውዲዮሳይድ ኤ ለ16 ሳምንት ሲሰጥ ግፊቱም የደም ስኳሩም አልተለወጠም። ስለዚህ መድኃኒት አይደለም፤ የግፊት ክኒን በቅጠል ሻይ አይተካም። የመካንነቱ ነገር የመጣው እ.ኤ.አ. በ1968 በሴት አይጦች ላይ ከተደረገ ጥናት ነው፤ የተሰጣቸውም የቅጠሉ ፍል ውኃ ነበር። በተጣራው ዱቄት ላይ በተደረጉት ኋለኞቹ ጥናቶች ይህ አልታየም።

ልዩነቱ እዚህ ላይ ነው። ቅጠሉ ውስጥ ከጣፋጩ ሌላ ብዙ ነገር አለ፣ የጣፋጩም መጠን ከተክል ተክል ይለያያል። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ሙሉ ቅጠሉንና ያልተጣራውን ጭማቂ ለምግብ ማጣፈጫነት አልፈቀደም። ጤነኛ አዋቂ ሰው አንዳንዴ ሁለት ሦስት ቅጠል ሻይ ውስጥ ቢጨምር የሚያስደነግጥ አይደለም። ነፍሰ ጡር ከሆኑ፣ ለመፀነስ እየሞከሩ ከሆነ ወይም የግፊት መድኃኒት የሚወስዱ ከሆነ ግን የተጣራውን ይምረጡ።

ለመሰብሰብ አበባ ሳያወጣ ይቁረጡት፤ ካበበ በኋላ ጣፋጭነቱ ይቀንሳል። ጥላ ባለበትና አየር በሚገባበት ቦታ ስስ አድርገው ዘርግተው በአንድ ሁለት ቀን ያድርቁ፤ ማድረቁ ከዘገየ ቅጠሉ ይጠቁራል፣ ጣዕሙም ይበላሻል። ግንዱን ይጣሉት፣ ጣፋጭነቱ እምብዛም ነው። ለማባዛት ቅርንጫፍ ቆርጦ መትከል ይሻላል፤ ዘሩ በደንብ አይበቅልም።

ጥያቄ፦ ጥርስ ያበላሻል? ሆዴንስ ለምን ይነፋኛል?

መልስ፦ የአፍ ባክቴሪያ ስቴቪያን ወደ አሲድ ስለማይለውጠው ጥርስ አያበሰብስም። በስቴቪያ የጣፈጠ ለስላሳ መጠጥ ግን የራሱ አሲድ አለው፤ የጥርሱን ሽፋን ይሸረሽራል። የሆድዎን መነፋት በተመለከተ ይዘቱን ይመልከቱ፤ ብዙውን ጊዜ ጥፋተኛው ኤሪትሪቶል ወይም ኢኑሊን ነው። ኤሪትሪቶል በአንድ ጊዜ በብዛት ሲወሰድ ማቅለሽለሽና ተቅማጥም ያመጣል። እ.ኤ.አ. በ2023 የወጣ ጥናት ደግሞ በደማቸው ውስጥ ኤሪትሪቶል የበዛባቸው ሰዎች ላይ ድንገተኛ የልብ ሕመም (ሃርት አታክ) እና ስትሮክ በዝቶ አግኝቷል። ኤሪትሪቶልን ሰውነት ራሱም ስለሚሠራው ይህ ብቻውን ማስረጃ አይሆንም፤ የልብ ሕመም ያለበት ሰው ግን መሙያ የሌለውን ፈሳሽ ስቴቪያ ቢመርጥ የሚያጣው ነገር የለም።