ደረጃ ሰጥቶ መምረጥ ብቻውን ድምፅና ወንበርን አያመጣጥንም

«መራጩ እጩዎቹን 1፣ 2፣ 3 ብሎ በደረጃ ቢመርጥ፣ ፓርቲዎች ባገኙት ድምፅ ልክ ወንበር ያገኛሉ ወይ?» ላልከው፦ አያገኙም። አንድ የምርጫ ክልል አንድ ተወካይ ብቻ እስከላከ ድረስ የተሸናፊው ድምፅ ወንበር አያመጣም።

አውስትራሊያን ተመልከት። የታችኛው ምክር ቤት የሚመረጠው በደረጃ ነው፤ ግን በየምርጫ ክልሉ አንድ ወንበር ብቻ ነው ያለው። በ2025 እ.ኤ.አ. ሌበር ፓርቲ 35 በመቶ ገደማ የአንደኛ ምርጫ ድምፅ ይዞ ከ150 ወንበሮች 94ቱን ወሰደ። የደረጃው ጥቅም ሌላ ነው፦ የወደቀው እጩ ድምፅ መራጩ ቀጥሎ ለመረጠው እጩ ስለሚተላለፍ፣ ተቀራራቢ አቋም ያላቸው እጩዎች ድምፅ ተሻምተው አብረው እንዳይወድቁ ያደርጋል። ይህም ቀላል ነገር አይደለም።

ተመጣጣኝ ውክልና ከፈለግክ ግን በአንድ የምርጫ ክልል ብዙ ወንበር ያስፈልጋል። አየርላንድ ደረጃ መስጠትን ከ3 እስከ 5 ወንበር ካላቸው የምርጫ ክልሎች ጋር አጣምራ ትሠራበታለች።

አንድ ነገር ግን ተጠንቀቅ። እንደዚህ ያለ ክርክር ስከታተል ደጋግሜ የማየው፣ ሰው በስልቱ ስም ሲጨቃጨቅ የወንበሩን ብዛት እንደሚረሳ ነው። ባለ 3 ወንበር ክልል ላይ አንዱን ወንበር በእርግጠኝነት ለመያዝ ሩብ ያህል ድምፅ ይጠይቃል። ባለ 5 ላይ 17 በመቶ ገደማ ይበቃል። 10 በመቶ ደጋፊ ያለው ቡድን በሁለቱም ባዶ እጁን ሊቀር ይችላል።