ለኤልክ .308 ይበቃል ወይ? ይበቃል፣ ግን አረሩን ምረጥ

ወንድሜ፣ ጥያቄህን ደግሜ አነበብኩት። ኮሎራዶ ውስጥ ለሦስተኛው የጠመንጃ ወቅት የሴት ኤልክ (የአሜሪካ ትልቅ አጋዘን) የማደን ፈቃድ ዕጣ ደርሶሃል። እጅህ ላይ ያለው .308 ዊንቸስተር ነው፤ ጓደኞችህ ግን «ኤልክ በሬ የሚያህል እንስሳ ነው፣ ቢያንስ .300 ዊንቸስተር ማግነም ያስፈልግሃል» ብለው አስጨንቀውሃል። አጭሩ መልስ፦ ጠመንጃህን አትሽጥ። ለአዲሱ ካሰብከው ገንዘብ ላይ ጥሩ ጥይት ግዛበት፣ የተረፈውን መለማመጃ ሜዳ ላይ ጨርሰው። ረጅሙን መልስ ከፈለግክ ቡናህን ይዘህ ተቀመጥ።

ከሕጉ ልጀምር። ኮሎራዶ ለኤልክ የምትፈቅደው ትንሹ ካሊበር፣ ማለትም የአፈሙዝ ስፋት፣ .24 ኢንች ነው፣ 6 ሚሊ ሜትር መሆኑ ነው። አረሩ፣ ማለትም ከጥይቱ ተወርውሮ የሚሄደው ጫፍ፣ ከ85 ግሬን (5.5 ግራም) ማነስ የለበትም፣ ሥጋ ሲነካ የሚከፈት ዓይነት መሆን አለበት፣ 100 ያርድ (91 ሜትር) ላይም ቢያንስ 1,000 ፉት-ፓውንድ (የጉልበት መለኪያ ነው) ይዞ መድረስ ይኖርበታል። በዚህ ስሌት .243 ዊንቸስተርም ያልፋል። ታጋሽ ተኳሽ እጅ ላይ ሆኖ ኤልክ ሲጥል አይቻለሁ፤ ሆኖም የወርች አጥንት ካገኘው የሚተርፈው ጉልበት ጥቂት ስለሆነ ለጀማሪ አልመክረውም። ከ6.5 ክሪድሙርና ከ.270 ጀምሮ ወደ ላይ ያለው ሁሉ ግን ለሴት ኤልክ በቂ ነው። የእነሱ ክርክር የእሳት ዳር ጨዋታ ነው፣ ያዝናናል እንጂ ሥጋ አያመጣም።

አሁን ወደ ቁጥሩ። 165 ግሬን፣ በኛ ልክ 10.7 ግራም፣ አረር የሚተኩስ .308 ከአፈሙዙ ሲወጣ በሴኮንድ 2,700 ጫማ ገደማ ይሮጣል። ጉልበቱ 2,670 ፉት-ፓውንድ አካባቢ ነው፣ 300 ያርድ ላይ ሲደርስ 1,650 ገደማ ይቀረዋል። እዚህ አገር አዳኞች ለኤልክ በልማድ የሚጠቅሱት 1,500 ነው፤ ሕግ አይደለም፣ ለመነጋገሪያ ያህል ይጠቅማል። 180 ግሬን የሚተኩሰው .300 ማግነም በ3,500 ፉት-ፓውንድ ተነስቶ በዚያው ርቀት 2,300 ያህል ይዞ ይደርሳል። ወረቀት ላይ ልዩነቱ ያስደነግጣል። የሁለቱንም ኢላማ 200 ያርድ ላይ አስተካክለህ 300 ላይ ብትተኩስ ግን .308 ወደ 22 ሴንቲ ሜትር፣ ማግነሙ ወደ 17 ሴንቲ ሜትር ይወርዳሉ። ጓደኞችህ ያንን ሁሉ ዶላር የሚያስወጡህ ለአምስት ሴንቲ ሜትር ነው። የኤልክ የልብና የሳንባ ቦታ ደግሞ ከ30 ሴንቲ ሜትር በላይ ስፋት አለው።

አንዱ ወንድማችን ከጥያቄህ ሥር «ውጅግራ ቢኖርህ ይሄ ሁሉ ጭንቀት አይኖርም ነበር» ብሎ ቀልዷል። ቀልዱ ውስጥ ቁም ነገር አለ። አያቶቻችን አድዋ ላይ የያዙት ውጅግራ፣ ማለትም የ1874ቱ የፈረንሳይ «ግራ» ጠመንጃ፣ አፈሙዙ 11 ሚሊ ሜትር ነው፣ የሚተፋው እርሳስም 25 ግራም ይመዝናል። ግን በሴኮንድ 450 ሜትር ገደማ ብቻ ስለሚሄድ ጉልበቱ ሲሰላ ከ1,900 ፉት-ፓውንድ አያልፍም። ካንተ .308 ያንሳል ማለት ነው። ስለዚህ በአፈሙዝ ስፋት ብቻ ጠመንጃ አይመዘንም።

ጓደኞችህ ዘለው ያለፉት አረሩን ነው፣ እኔ ደግሞ ዋናው ጉዳይ እሱ ነው ባይ ነኝ። በ1946 ጆን ኖስለር የሚባል አዳኝ ብሪቲሽ ኮሎምቢያ ውስጥ በ.300 ኤች ኤንድ ኤች ማግነም ሙስ (ከኤልክም የሚገዝፍ የአጋዘን ዘመድ) ተኮሰ። ጭቃ የደረቀበት የሙስ ትከሻ ላይ አረሮቹ ላይ ላዩን እየተበታተኑ ወደ ውስጥ ሊዘልቁለት አልቻሉም። ልብ በል፣ ማግነም ነበር የያዘው! ሰውዬው ቤቱ ገብቶ መሐሉ ላይ የመዳብ ግድግዳ ያለበት አረር ሠራ፦ የፊተኛው እርሳስ ይከፈታል፣ ከግድግዳው ጀርባ ያለው ሳይበተን ወደ ውስጥ ይገፋል። «ፓርቲሽን» የሚባለው ይኸው አረር ከ1948 ጀምሮ እየተሸጠ ነው፣ ዛሬም ኤልክ ላይ አያሳፍርም። እንግዲህ ችግሩ የጉልበት ማነስ ቢሆን ኖሮ ኖስለር የሚሠራው ትልቅ ጠመንጃ ነበር።

ላንተ ጠመንጃ ሦስት ዓይነት አረር አስብ። አንደኛው ፓርቲሽን ነው፣ 165 ወይም 180 ግሬን። ሁለተኛው ልባሱ (የውጭ የብረት ሽፋኑ) እና እርሳሱ ተበይደው የተያያዙበት ዓይነት ነው፤ አጥንት ሲመታ ክብደቱን ይዞ ይቆያል። ሦስተኛው ሙሉ በሙሉ መዳብ የሆነው ነው፣ እንደ ባርንስ ኩባንያ ምርት ያለው። መዳብ ስለማይበጣጠስ ቀለል ያለውን፣ 150 ግሬን ብትወስድ አትጎዳም። እኔ አሁን የምተኩሰው መዳብ ነው፣ ምክንያቴም ወጥ ቤት ነው፦ የእርሳስ አረር ሲመታ ደቃቅ ፍርፋሪው በቁስሉ ዙሪያ ሥጋው ውስጥ ይረጫል፣ ቤት ውስጥ ደግሞ ልጆች አሉ። እርሳስ ከተኮስክ በቁስሉ ዙሪያ ያለውን ሥጋ ሳትሳሳ ቆርጠህ ጣል።

የማትይዘውን ደግሞ ልንገርህ። ርካሹን፣ በጅምላ የሚሸጠውን የወታደር ጥይት ለመለማመጃ ተኩሰው እንጂ ወደ ጫካ ይዘኸው እንዳትወጣ። ሙሉ ልባስ ያለው አረር ሳይከፈት እንደ ወስፌ በስቶ ያልፋል፤ እንስሳዋ በጠባብ ቀዳዳ እየደማች ሄዳ ጫካ ውስጥ ትሞታለች፣ አንተም አታገኛትም። ሕጉም የሚከፈት አረር ስለሚጠይቅ ያስቀጣሃል። ለሚዳቋና ለትናንሽ አጋዘን የተሠራው በቶሎ የሚፈነዳ አረርም በቅርብ ርቀት የኤልክ ወርች ላይ አይታመንም። ሳጥኑ ላይ የአጋዘን ሥዕል አለ ብለህ እንዳትሸወድ።

ስለ ማግነሙ ሌላው ነገር ትከሻ ላይ የሚያሳርፈው ምት ነው። መካከለኛ ክብደት ያለው .308 ወደ 18 ፉት-ፓውንድ ይመታሃል፣ .300 ማግነም ወደ 26። ቁጥሩ ቀላል ይመስላል። ከጠረጴዛ ላይ ተደግፈህ ሃያ ጥይት ከጨረስክ በኋላ ግን ትከሻህ ይነግርሃል። አብሮን የሚያድን ግዙፍ ሰው አለ፤ ማግነም ገዝቶ መጣ፣ 100 ያርድ ላይ ያለች ሳህን መምታት አቃተው። ጠመንጃው ተጣሟል፣ የማነጣጠሪያ መነጽሩ ተበላሽቷል፣ የማይለው የለም። ጠመንጃውን ተቀበልኩትና እያቀባበልኩ እሰጠው ጀመር፣ አንዳንዴ በጥይት፣ አንዳንዴ ሳልነግረው ባዶውን። ባዶው ሲደርሰው ምላጩን ሲስብ ተኩስ ሳይኖር አፈሙዙ ወደ መሬት ይደፋል፣ ዓይኑም ይጨፈናል። ለካስ ጥይቱ ሳይወጣ ገና ይበረግጋል! ይህን ሙከራ አንተም በ.308ህ ሰው ይዘህ ሞክረው። ከበረገግህ ጥቂት ቀን ምቷ በማይሰማው በትንሿ .22 ተለማመድና ተመለስ። በእንስሳት ላይ ካየኋቸው መጥፎ ቁስሎች አብዛኞቹ የትልቅ ጠመንጃና የጨፈነ ዓይን ሥራ ናቸው።

«እስከ ስንት ያርድ ልተኩስ?» ላልከው፣ የካሊበር ጥያቄ አይደለም፣ ያንተ ጥያቄ ነው። ከጠረጴዛ ተነስተህ ተቀመጥ፣ ተንበርከክ፣ ጀርባ ቦርሳህ ላይ ተደገፍ። ትልቅ የእራት ሳህን የሚያህል ክብ ላይ በተከታታይ ያለ ስህተት የምትመታበት ርቀት ድንበርህ ነው። ለብዙ ጀማሪ 200 ያርድ ነው፣ ጎበዝ ከሆነ 250። በኮሎራዶዎቹ ሚከር ወይም ክሬግ ከተሞች አካባቢ ወደ ተራራው ስትወጣ ከፍታው ወደ ደብረ ብርሃን ይጠጋል፤ ዳገት ወጥተህ ልብህ እየደለቀ ስትተኩስ ከሜዳው ድንበርህ ላይ ሌላ ቀንስ። ቀጭኑ አየር ለአረሩ ይመቸዋል፣ ለሳንባህ ግን አይመችም።

ጎኗን ሰጥታ ስትቆም ከፊት እግሯ ጀርባ፣ ከደረቷ ከታች ወደ ላይ ሲሶው ላይ አነጣጥር። ጀርባዋን ሰጥታ የምትሄደውን ተዋት። ሴት ኤልክ ብቻዋን አትገኝም፣ መንጋ ናት፤ ጥሩ አረር ደግሞ በስቶ ስለሚወጣ ከኋላዋ ሌላ ቆማ እንደሆነ ሳታይ ምላጭ አትንካ። ዕጣህ አንድ ነው፣ ሁለት ከወደቁ ችግር ውስጥ ነህ። ከተኮስክ በኋላ ወዲያው አቀባብል፣ ቆማ ካለች ድገማት። ኤልክ ሁለት ሳንባው ተበስቶም ምንም እንዳልደረሰበት ሊራመድ ይችላል። ከዓይንህ ከተሰወረች ግማሽ ሰዓት ጠብቅና ደሙን ተከተል።

«ቤል በትንሽ ጥይት ዝሆን ገድሏል» የሚል ሰው መቼም አይጠፋም። እውነት ነው፤ ስኮትላንዳዊው ዋልተር ቤል ከ1,000 በላይ ዝሆኖች ገድሏል፣ ብዙዎቹንም በ7 ሚሊ ሜትር ማውዘር። ግን ሙሉ ልባስ ያለው ረጅም አረር እየተኮሰ፣ የዝሆንን አንጎል ቦታ አጥንቶ ነው፤ ሥራውም ያ ነበር። ለጎሽና ለመሰሉ አደገኛ እንስሳት የአፍሪካ አገሮች ከ1912 ጀምሮ ያለውን .375 ኤች ኤንድ ኤች እንደ መነሻ የሚያዩት ያለ ነገር አይደለም። የኛ የባሌና የአርሲ ደጋ አጋዘን ግን ወንዱ እስከ 300 ኪሎ ስለሚደርስ፣ በክብደት ከሴት ኤልክ ጋር ይቀራረባል፤ ለአንዷ የሚበቃ ለሌላውም ይበቃል። እዚያ ያለ ፈቃድና ያለ ባለሙያ አዳኝ እንደማይታደን፣ ቁጥሩም የሚያሳስብ እንደሆነ ግን አትርሳ።

ስለ ሥጋው ጠይቀህ ነበር። ከአንዲት ሴት ኤልክ ከ60 እስከ 70 ኪሎ አጥንት አልባ ሥጋ ታገኛለህ። ወቅትህ ኅዳር 15 ጾመ ነቢያት ከመግባቱ ትንሽ ቀደም ብሎ ስለሆነ ፍሪዘርህን አስቀድመህ አስፋ። «ተባርኮ ያልታረደ አልበላም» የሚሉ ዘመዶች ይኖሩሃል፣ አትከራከራቸው፣ የንስሐ አባትህን ጠይቅ። ክትፎና ጥሬ ሥጋ ግን ይቅር። የዱር ሥጋ ጥገኛ ትላትል አያጣም፣ በኮሎራዶ ኤልኮች ላይ የሚታየው የአንጎል በሽታም ስላለ ናሙና አስመርምር፤ ውጤቱ እስኪመጣ አትብላ። እኔ ቀይ ወጥ አድርጌ ነው የምበላው፤ ስቡ አነስተኛ ስለሆነ ቂቤ ጨመር አድርግ።

የማነጣጠሪያ መነጽርህ ከ3 እስከ 9 እጥፍ የሚያቀርብ ከሆነ በቂ ነው፣ ማሰሪያው ላይ ያሉት ብሎኖች አለመላላታቸውን ብቻ እይ። ጥይቱን አሁኑኑ ግዛ፣ ጥቅምት ሲገባ ከመደርደሪያ ይጠፋል። ሦስት ሳጥን ውሰድ፣ ሦስቱም ላይ የታተመው የምርት ቁጥር አንድ ዓይነት መሆኑን አረጋግጥ፣ ኢላማህንም በዚያው ጥይት አስተካክል።