«ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ» ላሉት እናት

ጥያቄ፦ እናቴ በ1991 በዘመቻ ሰለሞን ወደ እስራኤል የገባች የ58 ዓመት ሴት ናት። ላለፉት 6 ዓመታት በአንድ የጽዳት ኩባንያ ስም ተቀጥራ፣ ኢየሩሳሌም ውስጥ በአንድ ከፍተኛ የመንግሥት ባለሥልጣን መኖሪያ ቤት ስታጸዳ፣ ልብስ ስትተኩስና ወጥ ቤት ስታግዝ ቆይታለች። የሥራ ሰዓቷ ከጠዋቱ 7 እስከ 15 ሰዓት ነው ተብሎ ቢጻፍም፣ እንግዳ ባለ ቁጥር እስከ 22 ሰዓት ታመሻለች፤ እንግዳ ደግሞ በሳምንት ሁለት ሦስት ቀን አይጠፋም። ተሉሹ (የደመወዝ ወረቀቷ) ላይ ግን ሁልጊዜ የቀን 8 ሰዓት ብቻ ነው የሚወጣው። ስትጠይቅ «ይሄ የእምነት ሥራ ነው፣ ትርፍ ሰዓት የለውም» አሏት። ስትቀጠር ምን እንደሚል ያላወቀችውን የምስጢር ወረቀት ፈርማለች። ባለፈው ወር የቤቱ ኃላፊ በር ላይ ጠብቆ «ከነገ ጀምሮ እንዳትመጪ» አላት፤ ምክንያት የለም። ክሰሺ ስላት «ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ፤ ተይኝ ልጄ» ትለኛለች። መብት አላት? ወረቀቱስ አያሳስራትም?

መልስ፦ እኅቴ፣ እናትሽ የጠቀሱትን ተረት እኔም ከአባቴ አፍ ሰምቼ ነው ያደግሁት። በዚያ ዘመን ከጌታ ቤት የገባ አገልጋይ ያየውን አላየሁም ብሎ፣ የሰጡትን ተቀብሎ ይኖር ነበር። ስለዚህ የእናትሽን ዝምታ እንደ አለማወቅ አትቁጠሪው፤ ያደጉበት ጨዋነት ነው። ነገር ግን የ6 ዓመት ላባቸው በዚህ ጨዋነት ሰበብ ሌላ ሰው ኪስ ሲቀር ዝም ማለት አልችልም።

መጀመሪያ ፍርሃታቸውን የሚያቀልላቸውን ልንገርሽ። የሚከሱት ባለሥልጣኑን አይደለም። ተከሳሾቹ ደመወዝ የሚከፍላቸው ኩባንያና ጽዳቱን ያዘዘው መሥሪያ ቤት ናቸው። በጽዳት፣ በጥበቃና በምግብ አቅርቦት የተሰማሩ የኮብላን፣ ማለትም በሌላ ኩባንያ በኩል የሚቀጠሩ፣ ሠራተኞች መብታቸው ሲጓደል፣ አገልግሎቱን ያዘዘው ወገን ጭምር የሚጠየቅበት ሕግ በ2011 ወጥቷል። ደግሞ ከጻፍሽልኝ ውስጥ አንድ ነገር ዓይኔን ያዘው፦ «አትምጪ» ያላቸው የቤቱ ኃላፊ እንጂ ኩባንያው አይደለም። ሥራ የሚያዘው፣ ከጽዳት አንሥቶ ወደ ካውያ፣ ከካውያ ወደ ወጥ ቤት የሚያዛውረው፣ በመጨረሻም የሚያባርረው የዚያ ቤት ሰው ከሆነ፣ ፍርድ ቤት «እውነተኛው አሠሪ ማነው?» ብሎ መጠየቁ አይቀርም። ይህ ለእናትሽ ይጠቅማል።

ንጉሥ ይከሰሳል ወይ ለሚለው፣ በኢየሩሳሌም የሆነውን ንገሪያቸው። በባልፎር ጎዳና በሚገኘው የጠቅላይ ሚኒስትሩ መኖሪያ የቤት ኃላፊ የነበረ ሰው ከሶ፣ የኢየሩሳሌም የሥራ ፍርድ ቤት በፌብሩዋሪ 2016 የ170,000 ሼቄል ካሳ ፈርዶለታል። በክሱ ከተነሡት ነገሮች አንዱ የወተት ጉዳይ ነበር፦ ወተቱ በካርቶን መገዛት ሲገባው ለምን በፕላስቲክ ከረጢት ተገዛ ተብሎ ሌሊት በስልክ ከእንቅልፉ እንደተቀሰቀሰ ተናግሯል። የቤቱ እመቤት የቀረበባቸውን ውንጀላ አስተባብለዋል። ፍርድ ቤቱ ግን በዚያ ቤት የነበረው አያያዝ ሠራተኛን የሚጎዳ እንደነበር ተቀብሎ፣ ካሳውን መንግሥት እንዲከፍል ወሰነ። በዚያው ዓመት ሌላ የዚያው ቤት ሠራተኛም ከሶ ተፈርዶለታል።

ብዙ ሰው ያን ጊዜ በወተቱ ነገር ሲስቅ ሰምቻለሁ። እኔ አልሳቅሁም። ሰው ቤት ያገለገለ ያውቀዋል፤ የአገልጋይ ቀን የሚያልፈው እንዲህ ባለው ትንሽ ነገር ነው። ሳሎን ውስጥ ፎቶ ይነሣል፣ እጅ ይጨበጣል። ከበሩ ጀርባ አንዲት እናት የቡና ትሪ ይዛ፣ ከጠዋት ጀምሮ በቆመችበት እግሯ፣ የመጨረሻው እንግዳ እስኪወጣ ትጠብቃለች። የሚቀጥለውን ቀን ነጭ ጨርቅ የምትተኩሰው ደግሞ እንግዳው ከወጣ በኋላ ነው። ያ ሰዓት ሥራ ነው፤ ሥራ ደግሞ ዋጋ አለው።

«የእምነት ሥራ» ወዳሉት ልምጣ። ሐሰት ነው አልልሽም፤ ከእውነት የተቆረሰ ነገር ነው። በ1951 የወጣው የሥራና የዕረፍት ሰዓት ሕግ በአንቀጽ 30 ላይ፣ የሥራ መሪዎችንና ልዩ የሆነ የግል እምነት የሚጠይቁ ሥራዎችን ከትርፍ ሰዓት ክፍያ ውጭ ያደርጋል። በዕብራይስጥ «ሚስራት ኤሙን» የሚሉት ይህንን ነው። ፍርድ ቤቶች ግን ይህን በር በጠባቡ ነው የሚከፍቱት። የቤት ቁልፍ መያዝ ወይም የባለሥልጣን ሸሚዝ መተኮስ ብቻውን ሰውን «የእምነት ሰው» አያደርግም። ከጠዋቱ 7 እስከ 15 ተብሎ ሰዓት የተቆረጠለት፣ በሰዓት የሚከፈለው፣ ምንም የመወሰን ሥልጣን የሌለው ሠራተኛ በዚህ ሥር ሊገባ የሚችልበት መንገድ አይታየኝም። በሕጉ መሠረት ከመደበኛው የሥራ ቀን በላይ ያሉት የመጀመሪያዎቹ 2 ሰዓታት በ125 በመቶ፣ ከዚያ በኋላ ያሉት በ150 በመቶ ይከፈላሉ። የሰዓት ክፍያቸው 40 ሼቄል ነው እንበል፤ ትርፉ መጀመሪያ 50፣ ቀጥሎ 60 ይሆናል ማለት ነው። በሳምንት ሁለት ሦስት ምሽት፣ ለ6 ዓመት፣ ቁጭ ብለሽ አስቢው።

«ማስረጃ የለንም» ትይኝ ይሆናል። እዚህ ላይ ነው የእናትሽ ጉዳይ ከሌላ የቤት ሠራተኛ ጉዳይ የሚለየው። ተራ ሰው ቤት የምትሠራ ሴት ስንት ሰዓት እንደገባች የሚያውቅ ሦስተኛ ሰው የለም። በከፍተኛ ባለሥልጣን ደጃፍ ግን ጥበቃ አለ፤ መታወቂያ ይታያል፣ ማን መቼ እንደገባና እንደወጣ ይመዘገባል። ለስንት ዓመት እንግልት የመሰላቸው ያ ፍተሻ አሁን ምስክራቸው ሊሆን ይችላል። ክሱ ከተከፈተ በኋላ ያንን መዝገብ እንዲያቀርቡ በፍርድ ቤት ትእዛዝ መጠየቅ እንችላለን። በዚያ ላይ በ1958ቱ የደመወዝ ጥበቃ ሕግ መሠረት፣ አሠሪው ትክክለኛ የሰዓት መዝገብ ካላቀረበ፣ ሠራተኛው ትርፍ ሰዓት አልሠራም ብሎ የማስረዳቱ ሸክም በአሠሪው ላይ ይወድቃል፤ ይህም በወር እስከ 60 ትርፍ ሰዓት ድረስ ነው።

የራሳችሁንም ፈልጉ። ስማቸው ያለበት ራቭ ካቭ (የአውቶቡስ መሳፈሪያ ካርድ) ካላቸው የአውቶቡስ ጉዟቸውን ዝርዝር ጠይቁ። ማታ ማታ «እየመጣሁ ነው» ብለው የላኩልሽን የድምፅ መልእክት አታጥፊ። አንዲት ጽሕፈት የማያውቁ ደንበኛዬ ከኩፓት ሖሊም (ከጤና መድኑ) የሰጧቸውን የግድግዳ ቀን መቁጠሪያ በፌስታል ጠቅልለው አመጡልኝ፤ ያመሹበትን እያንዳንዱን ሰዓት በእስኪርቢቶ አንድ አንድ ጭረት አድርገውበታል። የሦስት ዓመት ጭረት ነበር። እናትሽም እንዲህ ያለ ነገር እንዳላቸው ጠይቂያቸው፤ «ይሄማ ምን ይጠቅማል» ብለው የጣሉት ነገር ይኖር ይሆናል።

የምስጢር ወረቀቱ የቤቱን ምስጢር ይጠብቃል እንጂ የእናትሽን ደመወዝ አይሰርዝም። ሠራተኛ በሕግ የተሰጠውን መሠረታዊ መብት በፊርማ ሊተወው አይችልም። ለጠበቃቸው የሥራ ሰዓታቸውን መናገር፣ በፍርድ ቤት መመስከር ምስጢር ማውጣት አይደለም፤ አስፈላጊ ከሆነም ችሎቱ በዝግ እንዲታይ መጠየቅ ይቻላል። ይሁንና ወረቀቱን አትናቁት። ስለ ቤተሰቡ ያዩትንና የሰሙትን፣ ማን ገባ ማን ወጣ የሚለውን ለጋዜጠኛም ለጎረቤትም እንዳያወሩ፤ በቤቱ ውስጥ ያነሡት ፎቶ ካለ በፌስቡክ እንዳይወጣ። ለክሱ የሚያስፈልገን ሰዓቱ ነው፤ የቤቱ ገመና አያስፈልገንም። የወረቀቱን ቅጂ ግን ጠይቁ።

የስንብቱ ነገር ረጅም ሐተታ አያስፈልገውም። ከመባረራቸው በፊት ሺሙዓ፣ ማለትም ተጠርተው የመሰማት ዕድል፣ ሊሰጣቸው ይገባ ነበር። የአንድ ወር ማስጠንቀቂያ በጽሑፍ ይገባቸዋል፤ ካልተሰጣቸው ክፍያው። ፒጹዪምም፣ ማለትም የስንብት ካሳ፣ አለ፤ በመሠረቱ ለእያንዳንዱ ዓመት የአንድ ወር ደመወዝ። በ6 ዓመቱ ውስጥ በጨረታ ኩባንያ ተቀያይሮ ከሆነ አትደናገጡ፤ ሕጉ በአንድ አሠሪ «ወይም በአንድ የሥራ ቦታ» ስለሚል፣ የቀድሞዎቹ ዓመታት እንዲቆጠሩ መከራከር ይቻላል።

ጊዜውን ግን ጠብቂ። የደመወዝ ጥያቄ በ7 ዓመት፣ ያልተወሰደ የዓመት ፈቃድ በ3 ዓመት ይርጋ ይታገዳል። እናትሽ በዚህ ሳምንት ሊሽካት ተዓሱካ (የሥራ አገናኝ ቢሮ) ሄደው ሥራ ፈላጊነታቸውን ያስመዝግቡ፤ አለበለዚያ የሥራ አጥ ክፍያቸው ይዘገያል። ኩባንያው ቼክ ይዞ መጥቶ «ከእንግዲህ ምንም ጥያቄ የለኝም» የሚል ወረቀት ቢያስፈርማቸው እንዳይፈርሙ፤ ገንዘቡ ትንሽ፣ ወረቀቱ በዕብራይስጥ፣ ጉዳቱ ብዙ ነው። ጠበቃ ለመያዝ አቅም ካነሳችሁ በፍትሕ ሚኒስቴር በኩል ሲዩዓ ሚሽፓቲ፣ ማለትም የመንግሥት የሕግ ድጋፍ፣ መጠየቅ ይቻላል፤ ከ2000 ጀምሮ የእኛን ማኅበረሰብ ጉዳይ የሚይዘው ጠበቃ የተባለው ድርጅትም አለ፤ እዚያ ነገራቸውን በአማርኛ ሊያስረዱ ይችላሉ።

ከክሱ በፊት ለኩባንያውና ለመሥሪያ ቤቱ በአደራ ደብዳቤ እንጽፋለን። ለዚያ የምፈልገው ያላችሁን ተሉሽ ሁሉ፣ የባንክ ዝርዝራቸውንና የጉዞ መዝገቡን ነው። እናትሽን ራሳቸውን ይዘሻቸው ነይ፤ ያመሹበትን ቀን በራሳቸው አፍ፣ በአማርኛ፣ ቀስ ብለው እንዲነግሩኝ እፈልጋለሁ።