የአንባቢያን ጥያቄና መልስ፦ እንስሳት ባሉበት ቤት በምን እናጽዳ?

በዚህ እትም ከደረሱን ደብዳቤዎች መካከል አምስቱ የሚያነሡት ጉዳይ ተቀራራቢ በመሆኑ ዓምዱን ሙሉ በሙሉ ለእነርሱ ሰጥተነዋል። ደብዳቤዎቹን ለቦታ ስንል አሳጥረናቸዋል፤ የጸሐፊዎቹንም ስም ትተናል።

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። በቤታችን አንዲት ድመትና አንድ ውሻ አሉ። ድመቷ የሳሎኑ ምንጣፍ ጥግ ላይ መሽናት ለምዳለች። ቦታውን ሁልጊዜ በበረኪና አጸዳዋለሁ፤ እሷ ግን በማግሥቱ ተመልሳ እዚያው ትሸናለች። ባለፈው ሳምንት ደግሞ ወለሉን በጀርም ማጥፊያ ከወለወልኩ በኋላ ማታውን ለሃጯን ስታዝረበርብ አመሸች፤ ምግብም አልነካ አለች። ውሻው ምንም አልሆነም። ጥፋቱ የፈሳሹ ነው? ከሆነስ በምን ልተካው?

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ ከለሃጩ ብንጀምር ይሻላል፤ ሽንቱ ሊቆይ የሚችል ጉዳይ ነው። ድመት ነቅታ ከምታሳልፈው ጊዜ ቀላል የማይባለውን ክፍል የምታውለው ጠጉሯንና መዳፏን በመላስ ነው። ስለዚህ ወለል ላይ የቀረ ማንኛውም ነገር፣ ለዓይን ባይታይም እንኳ፣ በመዳፏ ተይዞ ወደ አፏ ይገባል። እኛ በጫማ የምንረግጠውን ወለል እሷ በምላሷ ትቀምሰዋለች ማለት ነው። በብዙ የቤት ጀርም ማጥፊያዎች ውስጥ ቤንዛልኮኒየም ክሎራይድ ወይም የእርሱ ዘመድ የሆነ ውሕድ አለ። ድመት ይህን ስትልስ ምላሷና የአፏ ውስጥ ቆዳ ይቆስላል፣ ለሃጭ ይበዛባታል፣ ትኩሳት ሊይዛትና ምግብ ልትተው ትችላለች። ምልክቱ ሰዓታት ዘግይቶ ሊመጣ ስለሚችል ጠዋት ከተወለወለው ወለል ጋር የሚያያይዘው ሰው ጥቂት ነው፤ እርስዎ በማያያዝዎ ጥሩ አስተውለዋል።

ውሻው ደኅና መሆኑም የፈሳሹን ንጽሕና አያረጋግጥም። ውሻ ራሱን የሚልሰው ከድመት እጅግ ባነሰ መጠን ነው፤ ከዚህም በላይ የሁለቱ ጉበት አንድ ዓይነት አይደለም። ሰውና ውሻ ፌኖል የሚባለውን የውሕድ ዓይነት በጉበታቸው ውስጥ ከግሉኩሮኒክ አሲድ ጋር አጣምረው ያስወግዱታል። ድመት ግን ይህን ሥራ የሚሠራው ኢንዛይም በጣም ስለሚያንሳት መርዙ በሰውነቷ ውስጥ ይከማቻል። ውሃ ውስጥ ጠብ ሲደረጉ እንደ ወተት የሚነጡት፣ ሽታቸውም የሆስፒታል ኮሪደር የሚያስታውሰው ፈሳሾች ብዙውን ጊዜ ፌኖል ነክ ወይም የጥድ ዘይት ያለባቸው ናቸው። ድመት ባለበት ቤት እነዚህን ጨርሶ ባያስገቡ እመርጣለሁ።

ድመቷ አሁንም በደንብ የማትበላ ከሆነ የፈሳሹን ጠርሙስ ይዘው ወደ እንስሳት ሐኪም ይውሰዷት። ከአንድ ወይም ከሁለት ቀን በላይ ያልበላች ድመት ጉበቷ በስብ ተጨናንቆ ሌላ በሽታ ሊያመጣባት ይችላልና ይሻላታል ብሎ መጠበቅ አይገባም። ወደፊት ተመሳሳይ ነገር ቢያጋጥም መዳፏን በለብታ ውሃና በለስላሳ የዕቃ ማጠቢያ ሳሙና ማጠብ፣ እንደገና እንዳትልስ መከልከልና ሐኪም መጥራት ነው። እንድታስመልስ አያስገድዷት፤ የሚያቃጥል ፈሳሽ ሲመለስ ጉሮሮን ሁለተኛ ጊዜ ያቆስላል።

አሁን ወደ ምንጣፉ እንመለስ። ሽንት ሲቆይ አሞኒያ ይፈጥራል፤ አሞኒያ ከበረኪና ጋር ሲገናኝ ደግሞ ክሎራሚን የሚባል፣ ዓይንና ሳንባ የሚያቃጥል ጋዝ ይወጣል። ስለዚህ ልማድዎ ጎንበስ ብለው ለሚያሹት ለእርስዎ ከድመቷ ባልተናነሰ አደገኛ ነው። ከዚህ ሌላ በረኪና የሽንቱን ዋና ሽታ አያነሣም። የድመት ሽንት ዩሪክ አሲድ አለበት፤ ይህም ሲደርቅ በውሃ በቀላሉ የማይሟሟ ጥቃቅን ብልጭታ ድንጋይ መሳይ ነገር ሆኖ በምንጣፉ ክር ውስጥ ይቀራል። እኛ ጠፋ ብለን ስናስብ አየሩ ትንሽ ሲረጥብ ሽታው ይመለሳል፤ የድመት አፍንጫ ደግሞ ሲጀመርም አልሳተውም። እሷ ተመልሳ የምትመጣው መጸዳጃዋ እዚያ ነው ብላ ስላመነች ነው።

ለዚህ የሚሆነው ኢንዛይም ያለበትና በተለይ ለእንስሳት ሽንት የተሠራ ማጽጃ ነው። አጠቃቀሙ ግን ትዕግሥት ይጠይቃል። አዲስ ሽንት ከሆነ በመጀመሪያ በደረቅ ጨርቅ ተጭነው ይምጠጡት፤ ማሸት ወደ ውስጥ ከመግፋት በቀር ጥቅም የለውም። ቀጥሎ ማጽጃውን ሽንቱ እስከ ሰረገበት ድረስ እንዲሰርግ አድርገው ያፍስሱና መለያው ላይ ለተጻፈው ጊዜ እርጥብ ሆኖ ይቆይ። ረጭቶ ወዲያው መጥረግ ገንዘብን መጥረግ ነው። ቦታው ቀድሞ በበረኪና የተነከረ ስለሆነ በንጹሕ ውሃ ደጋግመው አጥበው ካደረቁት በኋላ ይጀምሩ፤ አለበለዚያ የቀረው በረኪና ኢንዛይሙን ያጠፋዋል። በእንፋሎት የሚያጸዳ መሣሪያም እዚህ ቦታ ላይ አይጠቀሙ፤ ሙቀቱ እድፉንና ሽታውን ከክሩ ጋር ያጣብቀዋል።

ይህን ሁሉ ከማድረግዎ በፊትም ቢሆን ድመቷ መጸዳጃ ሣጥኗን ለምን እንደተወች ይመርመሩ። የሽንት ቧንቧ በሽታ ሊሆን ይችላል፤ ወይም ሣጥኑ በጠንካራ ሽታ ፈሳሽ እየታጠበ ጠልታው ይሆናል። ሣጥን በሙቅ ውሃና በጥቂት ሳሙና ታጥቦ በደንብ ከተለቀለቀ ይበቃዋል። ይህን የሚያነብ የወንድ ድመት ባለቤት ደግሞ አንድ ነገር ይያዝ፦ ለመሽናት እያማጠ ጠብ የማይልለት ወንድ ድመት በዚያው ቀን ሐኪም ዘንድ መድረስ አለበት።

ለዘወትር ወለል በአንድ ባልዲ ውሃ ውስጥ ጥቂት ጠብታ ለስላሳ ፈሳሽ ሳሙና በቂ ነው። ሳሙና ሲበዛ ወለሉ የሚያጣብቅ ሽፋን ይይዛል፤ ቆሻሻ ይስባል፣ በመዳፍም ይነሣል። በመጨረሻ በንጹሕ ውሃ መወልወልና እስኪደርቅ ድረስ እንስሳቱን ከክፍሉ ማስወጣት ከየትኛውም ውድ ፈሳሽ የሚበልጥ ጥበቃ ነው።

ጥያቄ፦ እኔ ኬሚካል ትቼ በተፈጥሮ ነገር ብቻ ማጽዳት ጀምሬአለሁ። ኮምጣጤና ቤኪንግ ሶዳ ቀላቅዬ፣ መልካም ሽታ እንዲኖረው የባሕር ዛፍና የሎሚ ልጣጭ ዘይት እጨምርበታለሁ። ለሁለት ድመቶቼ ይህ አይሻልም?

መልስ፦ ሐሳብዎ መልካም ነው፤ ዘይቶቹን ግን ዛሬውኑ ያውጧቸው። ከዕፅዋት የሚጨመቁት የሽታ ዘይቶች፣ ማለትም የባሕር ዛፍ፣ የሻይ ዛፍ፣ የቀረፋ፣ የቅርንፉድና የሎሚ ልጣጭ ዘይት፣ የድመት ጉበት ለማስወገድ የሚቸገርባቸውን ዓይነት ውሕዶች ይይዛሉ። ዘይቱን ወደ አየር የሚበትኑት መሣሪያዎችም ያው ናቸው፤ ጠብታው ጠጉር ላይ ያርፋል፣ ጠጉሩም ይላሳል። «ተፈጥሯዊ» የሚለው ቃል ስለ ምንጭ እንጂ ስለ ደኅንነት አይናገርም። ሌላ ምሳሌ ብንወስድ፣ ፓይሬትረም የሚባለው የነፍሳት ማጥፊያ ከአበባ የሚገኝ ነው። በእርሱ አምሳያ በፋብሪካ የተሠራው ፐርሜትሪን ለውሻ ቁንጫ መከላከያ ሆኖ ይሸጣል፤ ያው መድኃኒት ድመት ላይ ሲደረግ ግን ያንቀጠቅጣታል፣ ሊገድላትም ይችላል። ወለል ላይ የሚረጭ የነፍሳት ማጥፊያ ሲገዙ ይህን ስም መለያው ላይ ይፈልጉ።

የኮምጣጤና የቤኪንግ ሶዳው ድብልቅ ደግሞ ማንንም አይጎዳም፤ ብዙም አያጸዳም። አንዱ አሲድ ሌላው የአሲድ ተቃራኒ በመሆናቸው አረፋው ካለቀ በኋላ የሚቀርዎ ከውሃ ብዙም የማይለይ ጨዋማ ፈሳሽ ነው። ለየብቻቸው ይጠቀሙባቸው። ቤኪንግ ሶዳ ደረቅ ምንጣፍ ላይ ተነስንሶ ቆይቶ ሲጠረግ ሽታ ይቀንሳል። ኮምጣጤ በእኩል ውሃ ተበርዞ መስታወትን፣ እንዲሁም የጥንቸል ሽንት በሣጥን ላይ የሚተወውን ነጭ ቅርፊት ያነሣል፤ እብነ በረድ ላይ ግን አይሞክሩት፣ ይበላዋል። ኮምጣጤን ወይም ማንኛውንም የመጸዳጃ ቤት አሲድ ከበረኪና ጋር በፍጹም አያገናኙ፤ የሚወጣው የክሎሪን ጋዝ ነው።

ጥያቄ፦ ልጄ የድመት አለርጂ አለባት፤ ድመቷን ግን መስጠት አልፈለግንም። በየቀኑ ሁለት ጊዜ እጠርጋለሁ፣ ሆኖም ስጠርግ ማስነጠሷ ይብሳል። ቫኪዩም ክሊነር ልግዛ ወይስ መጥረጊያ ልቀይር?

መልስ፦ ማስነጠሷ የሚብሰው ስለሚጠርጉ ነው። አለርጂውን የሚያመጣው ጠጉሩ ሳይሆን በድመት ምራቅና በቆዳዋ ዕጢዎች ውስጥ የሚገኝ ፕሮቲን ነው። ፕሮቲኑ ጠጉርና ቆዳ ላይ ደርቆ እጅግ ጥቃቅን በሆነ ብናኝ ላይ ተሳፍሮ ይነሣል፤ አንዴ ከተነሣ ለሰዓታት አየር ላይ መንሳፈፍ ይችላል። ደረቅ መጥረጊያም ሆነ የላባ አቧራ ማራገፊያ ያረፈውን መልሶ ያስነሣዋል።

ቫኪዩም ክሊነር ከገዙ ዋናው ነገር ማጣሪያው ነው። ደካማ ማጣሪያ ያለው መሣሪያ ከፊት የሳበውን ብናኝ ከኋላ ይተፋዋል፤ ልጅዎም ከቀድሞው የባሰ ትነጥሳለች። ሄፓ የሚባለው ማጣሪያ 0.3 ማይክሮን (ማይክሮን የሚሊሜትር አንድ ሺህኛ ነው) ከሚያህል ብናኝ ቢያንስ 99.97 በመቶውን ይይዛል። ማጣሪያው ያለበት ብቻ ሳይሆን አየር በጎን የማያሾልክ መሆኑንም ይጠይቁ። ምንጣፍ ካለ የሚሽከረከር ብሩሽ ያስፈልጋል፤ ብሩሹ ላይ የሚጠመጠመው ጠጉር በመቀስ ተቆርጦ የሚወጣ መሆኑን ሳይከፍሉ በፊት ያረጋግጡ። ማጠራቀሚያውን ልጅቷ በሌለችበት፣ ከቤት ውጭ ያራግፉት። በራሱ የሚዞረውን አውቶማቲክ መሣሪያ በተመለከተ፣ ቡችላ ባለበት ቤት ሰው ሳይኖር አያስነሡት፤ የወደቀ ዓይነ ምድር አግኝቶ ቤቱን በሙሉ ሲቀባበት የደረሰባቸው ሰዎች ብዙ ናቸው።

ይህ ሁሉ ከአቅም በላይ ከሆነም ችግር የለም። ወለሉ ምንጣፍ ከሌለው እርጥብ የማይክሮፋይበር መወልወያ ብናኙን ሳያስነሣ ይይዛል። ጨርቁ ሲታጠብ ግን የልብስ ማለስለሻ አይግባበት፤ ክሩን ደፍኖ የመያዝ አቅሙን ያጠፋዋል። ለሶፋና ለምንጣፍ ጠጉር ከማውቃቸው ሁሉ የምመርጠው ርካሹን ነው፦ ውሃ መግፊያ ላስቲክ ወይም በትንሹ የረጠበ የጎማ ጓንት። ወደ አንድ አቅጣጫ ሲጎትቱት ጠጉሩ እየተጠቀለለ ይመጣል። ብርድ ልብስና አልጋ ልብስም ወደ ማጠቢያ ማሽን ከመግባታቸው በፊት ይራገፉ፤ ጠጉር ሲረጥብ ተጣብቆ የውሃ መውጫውን ይደፍናል። ድመቷን ከልጅቷ መኝታ ክፍል ማስቀረት ደግሞ ከሁሉም መሣሪያ ይበልጣል።

ጥያቄ፦ ቡችላችን ፓርቮ በሚባለው ተቅማጥ ሞተብን። ሌላ ማሳደግ እንፈልጋለን። ቤቱን በምን እንጠብ?

መልስ፦ እግዚአብሔር ያጽናችሁ። ከላይ የወቀስኩት በረኪና ሥራ የሚያገኘው እዚህ ላይ ነው። የፓርቮ ቫይረስ ሳሙናንና ብዙ ተራ ጀርም ማጥፊያዎችን ይቋቋማል፤ በአመቺ ቦታም ለወራት፣ አንዳንዴም ለዓመት መቆየት ይችላል። በመጀመሪያ ቆሻሻውን በሙሉ በሳሙናና በውሃ አጥባችሁ አስወግዱ፤ በረኪና ቆሻሻ ላይ ሲፈስ ኃይሉ እዚያው ያልቃል። ከዚያ አንድ እጅ ተራ የቤት በረኪና በሠላሳ እጅ ውሃ በርዛችሁ ወለሉ፣ ሳህኑና ማሰሪያው ለ10 ደቂቃ እርጥብ ሆነው እንዲቆዩ አድርጉ፤ መስኮት ይከፈት፣ በኋላም በውሃ በደንብ ይለቅለቅ። ብርዙ አቅሙ ስለሚደክም በዕለቱ የተዘጋጀ ይሁን። መኝታውንና የጨርቅ መጫወቻዎቹን ግን አስወግዷቸው። የግቢ አፈር በበረኪና አይጸዳም፤ ስለዚህ የሚያስተማምነው ክትባቱ ነው። ለቡችላ የሚሰጡት ተከታታይ ክትባቶች የመጨረሻው 16 ሳምንት ሲሞላው ወይም ከዚያ በኋላ የሚሰጥ ነውና፣ ክትባቱን የጨረሰ ውሻ ብትወስዱ ይሻላል።

ጥያቄ፦ ሳሎናችን ውስጥ የወፍ ጎጆና የዓሣ ገንዳ አለ። በምን ማጽዳት ይቻላል?

መልስ፦ የወፍ ሳንባ ከእኛ ይልቅ ከሚተነፍሰው አየር ብዙ ስለሚወስድ ለእኛ ደስ የሚል ሽታ የሆነው ርጭት ወፉን ሊገድለው ይችላል። ወፉ ባለበት ክፍል ምንም ነገር አይርጩ። ጎጆውን ወፉን ወደ ሌላ ክፍል ወስደው በሙቅ ውሃና በጥቂት ለስላሳ ሳሙና ይጠቡት፣ ይለቅልቁት፣ ያድርቁት። የዓሣ ገንዳውን ውስጥ ግን ሳሙና አያስነኩ፤ ለእርሱ ብቻ የተለየ፣ ሳሙና ነክቶ የማያውቅ ስፖንጅና ባልዲ ይኑርዎት። የውጩን መስታወት ሲያጸዱም ፈሳሹን ገንዳው ላይ ሳይሆን በሌላ ክፍል ጨርቁ ላይ አርከፍክፈው ይምጡ።